መሬቱ ለምን ይንቀሳቀሳል? የአዲስ አበባ ቱሉ ዲምቱ ጎረቤቶቼ ጥያቄዎች

በ2017 ዓ.ም. የአዋሽ ፈንታሌ መንቀጥቀጥ ኮንዶሚኒየማችንን መነቅነቅ ከጀመረ ወዲህ፣ ጂኦሎጂ መማሬን የሚያውቅ ጎረቤት ሁሉ ደረጃ ላይ ያስቆመኛል። ዕድር ላይም እንደዚያው ነው። ደጋግመው የሚነሱትን ሰብስቤ እዚህ መልሻለሁ።

መሬት ጠንካራ አይደለችም እንዴ? ማን ነው የሚገፋት?

ጠንካራ ናት፣ ግን አንድ ወጥ አይደለችም። የላይኛው ክፍሏ በአማካይ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ውፍረት ባላቸው ግዙፍ የአለት ክፍሎች የተከፋፈለ ነው። ፕሌት የሚባሉት እነሱ ናቸው። ከሥራቸው ያለው ማንትል ብዙ ሰው እንደሚያስበው የቀለጠ ባሕር አይደለም። እሱም አለት ነው፤ በጣም ስለሚግል ግን በሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ ይፈስሳል። ዋናው ጉልበት የሚመጣው ከውቅያኖስ በኩል ነው። ያረጀ የውቅያኖስ ወለል ይቀዘቅዛል፣ ይከብዳል፣ ከሌላ ፕሌት ሥር ገብቶ ይሰምጣል፤ ሲሰምጥ የቀረውን አካሉን ይጎትታል። እኛ ጋ ደግሞ ከጥልቅ የሚወጣ ትኩስ ማንትል ደጋውን ከሥር ቀና አድርጎ ይዞታል። የአዲስ አበባ ብርድ ከሥሯ ካለው ሙቀት ጋር ይገናኛል ማለት ነው፤ ይሄ ነገር ሁሌም ይደንቀኛል።

በዓመት ስንት ይሄዳል?

በእኛ ስምጥ ሸለቆ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ። ከዐድዋ ድል ወዲህ ያለውን ብናስብ፣ የምዕራቡና የምሥራቁ ጠርዝ 65 ሳንቲ ሜትር ያህል ተራርቀዋል። ግን ይህ አማካይ ነው። መሬት በየቀኑ እኩል አትራመድም፤ ለረጅም ጊዜ ትወጠርና በአንድ ጊዜ ትለቃለች። በመስከረም 1998 ዓ.ም. አፋር ዳባሁ ላይ ቅልጥ አለት ከሥር ሰርጎ ገብቶ፣ 60 ኪሎ ሜትር በሚሆን ርዝመት መሬቱን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከፈተው። አንዳንዱ ቦታ የተከፈተው እስከ 8 ሜትር ነው! የፈንታሌውም ዘሩ ያው ነው። ቅልጥ አለቱ ስንጥቅ ይዞ እየሰረገ አለቱን ይሰነጥቃል፣ እኛ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀን አልጋችን ይወዛወዛል። ትልቁ የካቲት 7 ቀን 2017 ሌሊት የነበረው ነው፤ መጠኑ 6 ገደማ ነበር።

ሲኖ የሚያመጣልን ሬዳሽ ከእሳተ ገሞራ ነው የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። አንዷን ጠጠር አንሺና እያት። ቀላል ናት፣ ሁለመናዋ ቀዳዳ ነው። ቅልጡ አለት ወደ ላይ ሲረጭ ጋዙ አረፋ ሠርቶ የወጣበት ነው። ቀይ የሆነችው ውስጧ ያለው ብረት በአየር ስለዛገ ነው። በአቃቂና በቢሾፍቱ ዙሪያ ያሉት ትንንሽ ክብ ኮረብታዎች ብዙዎቹ እንዲህ የተከመሩ ናቸው። ውሃም በቀዳዳው ስለሚያልፍ የአቃቂ ጉድጓዶች ከተማውን የሚያጠጡት ከእንዲህ ዓይነት አለት ነው። ዝቋላና የረርም እሳተ ገሞራ ነበሩ። የቢሾፍቱ ሐይቆች ደግሞ ቅልጥ አለት ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ተገናኝቶ ሲፈነዳ የተቆፈሩ ጉድጓዶች ናቸው። የአዳማን ፈጣን መንገድ ይዘሽ ስትወርጂ፣ እየወረድሽ ያለሽው ወደ ስምጥ ሸለቆው ነው።

ልጄ፣ የሳሎኔ ግድግዳ ከመስኮቱ ጥግ ጀምሮ ተሰንጥቋል። ፕሌቱ ነው?

እትዬ፣ እኔ የማየው ጥቁር አፈሩን ነው። ይህ አፈር በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ ግንቦት ላይ ሜዳው ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚያዩት ለዚህ ነው። ሰሌክት (ተመርጦ የሚሞላ አፈር) በደንብ ሳይሞላበት የተሠራ ቤት አብሮት ይወጣል ይወርዳል። የስንጥቁን ሁለቱን ጫፎች በእርሳስ ምልክት ያድርጉባቸውና ቀኑን ይጻፉ። በበጋ ሰፍቶ በክረምት ከጠበበ አፈሩ ነው። ኮለኑ (ቋሚው ምሰሶ) ወይም ቢሙ (አግዳሚው) ላይ ከታየ ግን ምንም ሳይጠብቁ መሐንዲስ ይጥሩ።

ዛሬ ሌሊት በዚህ ሰዓት ይመታል የሚል መልእክት ደርሶኛል።

ውሸት ነው። ቀንና ሰዓት ቆጥሮ የመሬት መንቀጥቀጥ መተንበይ የሚችል ሰውም መሣሪያም የለም። እባካችሁ አታስተላልፉት፤ ሕፃን ታቅፎ ውጪ የሚያድር ሰው አለ። ሲነቀንቅ ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ግቡ፣ ከመስታወት ራቁ፣ ደረጃ ለደረጃ አትሩጡ። ሊፍት ፈጽሞ አትንኩ።

ስምጥ ሸለቆው ውስጥ ባሕር ይገባል የሚባለውስ?

በሚሊዮን ዓመታት። ግን አፋር ላይ ባሕር ከዚህ በፊትም ገብቶ ያውቃል። ዳሎል ከባሕር ጠለል በታች 120 ሜትር ገደማ ነው፤ አሞሌ የሚቆረጥበት ጨው የቀይ ባሕር ውሃ ገብቶ፣ ተዘግቶ፣ ተንኖ የቀረ ነው። በጠርዙ ላይ የደረቀ የባሕር ኮራል ይገኛል። በኅዳር 2018 የአፋሩ እሳተ ገሞራ ሃይሊ ጉቢ ፈንድቶ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ሄዷል፤ አካባቢው ሥራውን አላቆመም።

ስምጥ ሸለቆው ሲከፈል እኛ ወዴት እንቀራለን?

አዲስ አበባ ከአፍሪካ ጋር። ሐረርና ባሌ ከሶማሌ ፕሌት ጋር።

ፕሌት ተራራም ይሠራል?

ሲጋጭ ይሠራል። ህንድ ከእስያ ጋር መጋጨት የጀመረችው ከ50 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው፣ ሂማላያ ዛሬም ይነሳል። የእኛ ተራሮች መነሻ ግን ሌላ ነው። አብዛኛው ደጋ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ ላቫ ነው።

ጂ+2 ልጀምር ነው። ምን ላድርግ?

ወንድሜ፣ የሰሜን ሸዋዋ ማጀቴ በ1953 ዓ.ም.፣ የአፋሯ ሰርዶ በ1961 ዓ.ም. በመንቀጥቀጥ ፈርሰዋል። ስለዚህ ነገሩ ለእኛ አዲስ አይደለም። አፈሩን አስመርምር። ጥቁር አፈሩን አስወጥተህ ጠንካራ መሬት ላይ መሠረትህን ጣል። ምድር ቤቱን ለሱቅ ብለህ ግድግዳ አልባ ካደረግከው መሐንዲሱ ይህንን አውቆ ኮለኖቹን ይሥራቸው፤ ሲነቀንቅ መጀመሪያ የሚታጠፈው እሱ ፎቅ ነው። ከሁሉም በላይ ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት ራስህ ቆመህ ስታፋውን (ዋናውን ፌሮ ዙሪያውን የሚያስረውን ቀጭን ብረት) እይ። ኮለንና ቢም በሚገናኙበት ቦታ ተጠጋግቶ መታሰር አለበት፣ ጫፉም ወደ ውስጥ መታጠፍ አለበት። ፌሮ ሠራተኛው «ይበቃል» ቢልህ ፕላኑን አውጥተህ አብራችሁ ቁጠሩ።