ከእንጨቱ በፊት የምላጩን ነገር ይጨርሱ

እኅቴ፣ ወንድምዎ ስክሮል ሶው የተባለውን የቅርጽ ማውጫ መጋዝ ከዱባይ ሊልክልዎ መሆኑን፣ በእርሱም ለዘመድና ለጎረቤት የሚሰጡ የገና የእንጨት ጌጦች ለመሥራት ማሰብዎን ገልጸው «ባሕር ዳር ውስጥ የትኛውን እንጨት ብገዛ ይሻላል?» ሲሉ የጠየቁትን አንብቤአለሁ። እኔም በ2012 ዓ.ም. ይህንኑ መሣሪያ በገዛሁ ሰሞን የሚያስጨንቀኝ የእንጨቱ ነገር ብቻ ስለ ነበር፣ እርስዎም አሁን እኔ በነበርኩበት ቦታ ላይ እንደ ቆሙ ይሰማኛል። እንጨት አያጡም፤ ከአናጢዎች ደጅ የሚወድቀው የዋንዛ ቁራጭ እንኳ ለአንድ ዓመት ጌጥ ይበቃዎታል። እዚህ የሚጠፋው ምላጩ፣ ማለትም መጋዙ የሚቆርጥበት ቀጭን ባለ ጥርስ ብረት ነው። እኔን ያስከፈለኝ እርስዎን እንዳያስከፍል የማውቀውን በተራ ላስቀምጥልዎ።

1ኛ. ወንድምዎ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት የመጋዙን የምላጭ መያዣ ፎቶ አንሥቶ እንዲልክልዎ ያድርጉ። የዚህ መጋዝ ምላጭ ርዝመቱ 127 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በሁለቱም ጫፎቹ ላይ አግድም የገባች አጭር የብረት ፒን አለችው፤ መጋዙም በፒኗ አንጠልጥሎ ይይዘዋል። ሁለተኛው ጫፉ ልሙጥ ነው፤ በመቆንጠጫ ገብቶ በብሎን ይጠብቃል። ልዩነቱ የሚታወቀው ከጌጡ መሐል ክፍተት ማውጣት ሲጀምሩ ነው፤ ምክንያቱም ለእያንዳንዱ ክፍተት እንጨቱን በመሰርሰሪያ በስተው፣ ምላጩን ከላይ ፈትተው፣ በቀዳዳው አሳልፈው እንደ ገና ማሰር ይኖርብዎታል። ልሙጡ ምላጭ በ1.5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያልፋል። ባለ ፒኑ ግን ፒኗ ካላለፈች አያልፍምና ከ5 ሚሊ ሜትር ያላነሰ ቀዳዳ ይፈልጋል።

እኔ ይህን ሳላውቅ ከከተማው ለቅቆ ከሚሄድ ሰው ያገለገለ መጋዝ ገዛሁ፤ ባለ ፒን ምላጭ ብቻ የሚቀበል ነበር። ከዚያ በፊት ሦስት ሌሊት አምሽቼ የሣልኩት መስቀል 24 ክፍተቶች ነበሩት፤ ካህናት በበዓል ቀን በሚይዙት መስቀል ላይ እንደምናየው እርስ በርሱ የተጠላለፈ ነበረና አንዳንዱ ክፍተት ከ3 ሚሊ ሜትር አይሰፋም። የመጀመሪያውን ቀዳዳ ስበሳ የሐረጉ ግማሽ አብሮ ወደቀ። ንድፉን ጥዬ 8 ክፍተት ብቻ ያለው ሌላ መስቀል ሣልኩ፤ እርሱም ያምራል ይሉኛል፣ እኔ ግን ያልሠራሁት እንደሚበልጥ አውቃለሁ። ባለ ፒን መጋዝ ላይ ልሙጡን ምላጭ ለማሰር የሚያስችል ትንሽ መያዣ እንደሚሸጥ የሰማሁት በዓሉ ካለፈ በኋላ ነው። ወንድምዎ መጋዙን አስቀድሞ ገዝቶት ከሆነ ይህን መያዣ ፈልጎ አብሮ ይላክልዎ።

2ኛ. ምላጩን ከመጋዙ ጋር፣ በብዛትና በአንድ ጭነት ያስመጡ። ጀማሪ ምላጭ ይሰብራል፤ ይህ የማይቀር ነው። እኔ ጾመ ነቢያት በገባ ሰሞን፣ ኅዳር 15 ቀን ሥራ ጀምሬ ከመጋዙ ጋር ያገኘኋቸውን 12 ምላጮች በ9 ቀን ጨረስኩ። አንዳንዱን ከመጠን በላይ ወጥሬ፣ አንዳንዱን ጠባብ ማዕዘን ላይ እንጨቱን በችኮላ አዙሬ፣ የቀረውን ደግሞ መደንዘዙን ሳላስተውል ገፍቼ ሰበርኩት። ቅዳሜ ገበያ ዙሪያ ያሉትን የመሣሪያ ሱቆች አንድ በአንድ ዞርኩ፤ የሚያወጡልኝ የብረት መጋዝ ምላጭ ነበር። አንድ ደግ ወርቅ ሠሪ የእርሱን ቀጭን የመጋዝ ምላጮች ከመሳቢያው አውጥቶ ሰጠኝ፤ ርዝመታቸው ይቀራረባል፣ ነገር ግን ፒን ስለሌላቸው የእኔ መጋዝ ሊይዛቸው አልቻለም።

በመጨረሻ ውጭ አገር የምትኖር የእኅቴ ልጅ 6 ደርዘን፣ ማለትም 72 ምላጮች ገዝታ ላከችልኝ። ዕቃው ታኅሣሥ 8 ቀን መድረሱ ተነገረኝና ደስ ብሎኝ ከውጭ የመጣ ዕቃ ወደሚያስረክበው መሥሪያ ቤት ሄድኩ። በመስኮቱ በኩል የነበረው ወጣት ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን የእንግሊዝኛ ቃል «ምላጭ» ብሎ ተረጎመና፣ 72 ምላጭ ለአንድ ሰው ጢም አይሆንም፣ «ነጋዴ ነህ፣ ንግድ ፈቃድህን ይዘህ ና» አለኝ። ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ በአባቱ ዕድሜ የምሆነውን ሰው «አንተ» እያለ ሲያናግረኝ እንኳ ድምፄን ከፍ አላደረግሁም። የመጋዙን ፎቶ ከስልኬ ላይ ላሳየው ስዘረጋ ፊቱን አዞረ። በማግስቱ ስብሰባ ላይ ነው ተባልኩ፤ በሦስተኛው ጊዜ የእኅቴ ልጅ የዕቃውን ደረሰኝ እንድትልክ አዘዘኝ፤ ደረሰኙን አሳትሜ በአራተኛው ጊዜ ስመለስ ደግሞ ማኅተም የለውም አለ። በአምስተኛው ቀኔ ሌላ መስኮት ላይ የተቀመጡ ወይዘሮ ጉዳዩን ከእኔው አፍ ሰምተው እሽጉን አስከፈቱ፣ አንዱን ምላጭ በጣታቸው ይዘው «ይህ እኮ የመጋዝ ጥርስ ነው» አሉና በአምስት ደቂቃ ፈረሙልኝ። ቀኑ ታኅሣሥ 19 ነበር። አሥራ አንድ ቀን በከንቱ ሄደ፤ ዘመኑም ዘመነ ዮሐንስ ስለ ነበር ገና የዋለው ታኅሣሥ 28 ነው። ልሠራ ካሰብኳቸው 40 ጌጦች ለበዓሉ የደረሱት 17 ብቻ ናቸው። ለሕፃናቱ አስቀደምኩ፤ ለቀሩት 23 ሰዎች ጥምቀት ላይ ሰጠሁ፣ ስጦታው መስቀል በመሆኑ ለጥምቀትም አላነሰም። ያ ወጣት ግን ለልጆች ደስታ ብዬ የያዝኩትን ሥራ ያለ አንዳች ምክንያት ማጓተቱን እስከ ዛሬ አልረሳሁም።

ስለዚህ ወንድምዎ በመላኪያው ወረቀት ላይ «ምላጭ» ብሎ ብቻውን እንዳይጽፍ አደራ። «የእንጨት ቅርጽ ማውጫ መጋዝ መለዋወጫ፣ ለግል የእጅ ሥራ» ብሎ ይጻፍ፤ ብዛቱንና ዋጋውን ያስፍር፤ ደረሰኙንም እሽጉ ውስጥም ውጭም ያድርግ። ከሁሉ የሚሻለው ምላጮቹ ከመጋዙ ጋር በአንድ ካርቶን መምጣታቸው ነው፤ መጋዙን ያየ ሰው የምላጩን ምንነት አይጠይቅም።

3ኛ. እንጨቱን በተመለከተ፣ የጠየቁት እርሱን ነውና ባጭሩ ልመልስ። ዋንዛ ለስላሳና ውብ ነው፤ ነገር ግን በክረምት ከአናጢ ቤት የወሰዱት እርጥበት ስላለው፣ ቆርጠው ሲጨርሱ በበጋው አየር ደርቆ ይጣመማል። ስለዚህ አሁኑኑ ገዝተው ፀሐይ በማያገኘው ደረቅ ክፍል ውስጥ፣ በየመሐሉ ቀጫጭን እንጨት አስገብተው ይደርድሩት። ቀጭን የሆነው የጌጡ ክፍል የእንጨቱን ጭረት ተከትሎ እንዲሄድ ያድርጉ፤ ጭረቱን አቋርጦ የተቆረጠ ቀጭን ክንድ በሕፃን እጅ ይሰበራል። ለቀጫጭን ጌጥ ባለ 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ አይጣመምም፤ ሆኖም በውስጡ ያለው ኮላ ምላጭ ያደነዝዛል። ለኮምፔርሳቶው 2 ቁጥር ወይም 3 ቁጥር ምላጭ፣ 1 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ላለው ዋንዛ 5 ቁጥር ይጠቀሙ፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ምላጩ ይወፍራል።

ምላጭ ብርቅ በሆነበት ከተማ የሚሠራ ሰው ምላጭ መቆጠብን መማር አለበት፤ እኔም በእነዚያ 72 ምላጮች የተማርኩት ይህንን ነው። ጥርሱ ወደ ታች እንዲመለከት አድርገው ይሰሩት፤ ሲነኩትም እንደ ክራር ክር ጥርት ያለ ድምፅ እስኪሰጥ ይወጥሩት። ቅርጹ የተሳለበትን ወረቀት ከለጠፉ በኋላ በላዩ ላይ የካርቶን ማሸጊያ ፕላስተር ይለጥፉበት፤ ምላጩ ሳይግል ይሄዳል፣ እንጨቱም ጠርዙ አይጠቁርም። አራት ኮምፔርሳቶ ደራርበው ዳር ዳሩን በፕላስተር ካሰሩ በአንድ ቆረጣ አራት ጌጥ ያገኛሉ። መጋዙ ምላጩን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያንቀሳቅሰው 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለ ሆነ፣ በቀጭን እንጨት ላይ ዘወትር የሚደነዝዙት የታችኞቹ ጥርሶች ናቸው። ስለዚህ በመጋዙ ጠረጴዛ ላይ መሐሉ የተበሳ፣ 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ አንጥፌ እንጨቱን ከፍ አደረግሁት፤ ተጥሎ የነበረው ምላጭ ባልተነኩት የላይኛ ጥርሶቹ እንደ አዲስ ቆረጠ። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ የደነዘዘ ምላጭ በመነጽር ስመረምር ያገኘሁት ነው። መብራት በድንገት ሲጠፋ ደግሞ ከሁሉ በፊት ማብሪያውን ያጥፉ፤ እንጨቱ ሳይያዝ መብራቱ ቢመለስ ምላጭዎ ይሰበራል፣ ጣትዎም አደጋ ላይ ይወድቃል። ሰጋቱራው ደቃቅ ስለሆነ አፍና አፍንጫዎን ይሸፍኑ።

ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በየዓመቱ 40ውንም በጊዜው አድርሻለሁ። ልጆቹ አብልጠው የሚወዱት መስቀሉንና ኮከቡን ሳይሆን ታንኳውን ነው፤ የደንገሉ እስር መሥመር በመሥመር እንዲታይ አድርጌ፣ አፍንጫውን ሽቅብ አቅንቼ፣ ከእኅቴ ቤት የገና ዛፍ ላይ የሰቀልኩትን ያዩ ሁሉ የጣናን ልጅነት አይተውበታል። ንድፉን ለማንም አልከለከልኩምና እርስዎም ቢፈልጉ በደስታ እሰጥዎታለሁ።

ወንድምዎ ፎቶውን ሲልክልዎ እዚሁ ያስቀምጡልንና አብረን እንየው። ባለ ልሙጥ ምላጭ መጋዝ ከሆነና ምላጩ የዘገየብዎ እንደ ሆነ፣ ወርቅ ሠሪው የሰጠኝ ምላጮች እስካሁን በወረቀታቸው እንደ ተጠቀለሉ አሉ፤ ጥርሳቸው ደቃቅ በመሆኑ ሰጋቱራ ቶሎ ይይዛቸዋል፣ ለቀጭን ኮምፔርሳቶ ግን እስኪደርስልዎ ያሠሩዎታል። ሽምብጥ ነው የምኖረው፤ ልከው ያስወስዱ።