አካውንቲንግ ተምሬ በሥርዓተ ፆታ በጀት ላይ መሥራት እችላለሁ?

ጥያቄ፦ ዘንድሮ በአካውንቲንግ ተመርቄያለሁ። የመንግሥት በጀት በሴቶችና በወንዶች መካከል ያለውን ልዩነት እንዲያጠብ የሚሠሩ ባለሙያዎች እንዳሉ ሰማሁና ልቤ ወደዚያ አዘነበለ። ግን ሥርዓተ ፆታ አልተማርኩም። ሁለተኛ ዲግሪ ልጀምር?

መልስ፦ እህቴ፣ ዲግሪው ይቆይሽ። በዚህ መስክ ስለ እኩልነት አሳምሮ የሚናገር ሰው ሞልቷል። የበጀት ሰነድ ከፍቶ፣ እያንዳንዱን የወጪ መደብ እያየ «ይህ ገንዘብ ማን ጋ ይደርሳል?» የሚል ግን እንደ ልብ አይገኝም። አንቺ ደግሞ ቁጥር አያስፈራሽም።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ሥርዓተ ፆታን ያገናዘበ በጀት ሲባል ብዙ ሰው ለሴቶች ተብሎ የሚቆረስ ገንዘብ ይመስለዋል። እንደዚያ ካየሽው ከሙሉ በጀቱ ትንሿን ቁራሽ ይዘሽ ትቀሪያለሽ። ጉዳዩ መንገዱም፣ ውሃውም፣ ግብርናውም ውስጥ አለ። ግብር አሰባሰቡ ውስጥም አለ።

«የገበሬዎች ሥልጠና» የሚል መደብ ውሰጂ። ከሥሩ አበል፣ የአዳራሽ ኪራይና ነዳጅ ተዘርዝሯል። ሴት ወይም ወንድ የሚል ቃል አታገኚበትም። ሥልጠናው ግን 5 ቀን ነው፤ ከቤት ርቆ፣ አዳር። የሚጠራው አባወራው ነው። ጡት የምታጠባ ገበሬ እንዴት ብላ ትምጣ? ሥልጠናውን በግማሽ ግማሽ ቀን ከፋፍሎ ወደ መንደሩ ማቅረብ የአዳር አበሉን ስለሚያስቀር፣ ወጪው ላይጨምር ይችላል። ይህን አስልተሽ በአንድ ሠንጠረዥ ለበጀት ኃላፊው ካሳየሽ ሥራውን ጀመርሽው ማለት ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። አውስትራሊያ በ1984 እ.ኤ.አ. በጀቷ ለሴቶች ምን እንደሚያደርግ መተንተን ጀመረች። ኡጋንዳ ደግሞ በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የፋይናንስ ሕግ፣ በጀቱ ሥርዓተ ፆታንና ፍትሐዊነትን ማገናዘቡን የሚያረጋግጥ የምስክር ወረቀት እንዲቀርብ ደንግጋለች። ሕግ ሲያስገድድ ባለሙያ ይፈለጋል። እውነቱን ለመናገር፣ እንዲህ ያለ ግዴታ ፎርም መሙላት ብቻ ሆኖ የሚቀርበት ጊዜም አለ። ካለፈው ዓመት ኮፒ ፔስት አድርገው የሚያስገቡ አይጠፉም። እንዲህ ያለውን ለይቶ ማወቅም ችሎታ ነው።

አሁን ምን ታደርጊያለሽ? ይፋ የወጣ የበጀት ሰነድ አግኚና አንድ ዘርፍ ብቻ ምረጪ፤ ጤና ወይም ውሃ ይሁን። የጸደቀውን በተግባር ከወጣው ጋር አስተያዪ። የሴቱና የወንዱ ለየብቻ የተቀመጠበት መረጃ ፈልጊ። ሰዎች ቀናቸውን በምን እንደሚያሳልፉ የሚለካ የጊዜ አጠቃቀም ጥናት ካገኘሽማ ወርቅ ነው፤ ውሃ ቀድቶ የመመለሻው ሰዓት የሚታየው እዚያ ላይ ነው። የበጀት ካላንደሩንም አጥኚ። ረቂቁ ምክር ቤት ሲደርስ አብዛኛው ነገር አልቋል። መግቢያው ቀደም ብሎ፣ የበጀት ጥሪው፣ ማለትም የበጀት ጥያቄያችሁን አቅርቡ የሚለው ደብዳቤ፣ ለመሥሪያ ቤቶች ሲወጣ ነው።

ያገኘሽውን በ3 ወይም በ4 ገጽ ጻፊና ከሲቪሽ ጋር አያይዢው። «የሥርዓተ ፆታ ባለሙያ» የሚል ማስታወቂያ ብቻ እየጠበቅሽ አትቀመጪ። የበጀት ኦፊሰር፣ የኦዲት ወይም የዕቅድና ክትትል ቦታ ካገኘሽ ግቢ። የሥርዓተ ፆታውን አጭር ሥልጠና ሥራ ላይ ሆነሽ ትደርሺበታለሽ።