ኋላ ማርሽ ሲገባ ጭራው ወደ ግራ ለሚሸሽ ጀልባ

ከዘጌ ባሕር ዳር ሰው የሚያመላልሱ ጠያቂያችን፣ «ባለ አንድ ፕሮፔለር የብረት ጀልባዬ ወደቡ ላይ ኋላ ማርሽ ሳስገባ፣ መሪውን ወዴትም ባዞር ጭራው ወደ ግራ ይሄድብኛል፤ መሪው ተበላሽቶ ይሆን?» ይላሉ።

ወደ ፊት ሲነዱት በደንብ የሚታዘዝዎት ከሆነ መሪው ደህና ነው። ጭራውን የሚገፋው ፕሮፔለሩ ነው። ከኋላ ሆነው ሲያዩት ወደ ቀኝ የሚዞር ፕሮፔለር፣ ኋላ ማርሽ ሲገባ ወደ ግራ ይዞራል። ያን ጊዜ ውሃውን ወደ ፊት ይገፋና የጀልባውን ሆድ በቀኝ በኩል ይመታዋል፤ ጭራውም ወደ ግራ ይሸሻል። መሪው ደግሞ የሚሠራው ውሃ ሲመታው ነው። ወደ ፊት ሲሄዱ ፕሮፔለሩ ውሃውን በቀጥታ ይለቅበታል፤ ኋላ ሲሉ ግን ይህ ይቀራል። ጀልባው ወደ ኋላ ፍጥነት እስኪይዝ መሪ ማሽከርከር ብዙም አይረዳዎትም።

ለማረጋገጥ ጀልባውን ከፊትም ከኋላም ጠበቅ አድርገው ይሰሩ። በአካባቢው ታንኳ አለመኖሩን አይተው በዝቅተኛ ዙር ኋላ ማርሽ ያስገቡ። አረፋው በቀኝ ጎን ከወጣ ጭራው ወደ ግራ፣ በግራ ከወጣ ወደ ቀኝ ይሄዳል።

እንግዲህ ግፊቱን አይታገሉት፤ ይጠቀሙበት። ቦታ ካለ ሁልጊዜ በግራ ጎንዎ ይጠጉ። አፍንጫውን ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ወደ ወደቡ አዘንብለው በቀስታ ይምጡ፤ የጀልባው ወርድ ያህል ሲቀርዎት ማርሹን ዜሮ፣ ቀጥሎ ኋላ ያድርጉ። ጀልባው ሲቆም ጭራውም ይጠጋል። በቀኝ መጠጋት ግድ ከሆነ ያው ግፊት ከወደቡ ያርቅዎታል፤ ስለዚህ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ አዙረው ለ2 ሰከንድ ያህል ወደ ፊት ነዳጅ ይስጡት። ጭራው ወደ ወደቡ መምጣት ሲጀምር ኋላ ማርሽ ያቆመዋል። ጠባብ ቦታ ላይ መዞር ካለብዎትም በቀኝ ይዙሩ።

በደብረ ማርያም በኩል፣ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ፣ አፍንጫዎን ወደ ወራጁ ውሃ አዙረው ይጠጉ። ወራጁ ከኋላ ሲገፋዎት ጀልባው ይፈጥናል፤ ለማቆምም ኋላ ማርሽ ያበዛሉ፣ ጭራውም ይብስበታል። ጥልቀቱ ባነሰበት ዳርቻ ደግሞ ፍጥነት ይቀንሱ፤ በፈጠኑ ቁጥር ጀልባው ወደ ታች ይሰምጣል፣ መሪውም ይዘገያል። ፍጥነቱን በግማሽ ሲቀንሱ መስመጡ ወደ ሩብ ገደማ ይወርዳል።

ጠባዩ በድንገት ከተለወጠና ጀልባው ከተንቀጠቀጠ ግን እምቦጭ ወይም ገመድ ፕሮፔለሩ ላይ ተጠምጥሞ፣ አለዚያም ክንፉ ታጥፎ ይሆናል። እጅዎን ከመስደድዎ በፊት ሞተሩን አጥፍተው ቁልፉን ኪስዎ ይክተቱ።