መልስ፦ የድሮ የወርቅ ክሮኖግራፍ ምኑ ነው እንደዚህ የሚወደደው?
ስልክ ሰኮንድ እየቆጠረልን ሰው ለምን የድሮ የወርቅ ክሮኖግራፍ፣ ማለትም ሰኮንድ ቆጣሪ ያለው የእጅ ሰዓት፣ ያሳድዳል ላልከው፣ እኔን የያዘኝ ቆጣሪውን የሚያስነሳው የሚጫኑት ቁልፍ ነው። ጥሩዎቹ ውስጥ ኮለም ዊል የሚባል ዓምድ ዓምድ ያለው ትንሽ መዘውር አለ፣ ቁልፉን ስትጫን አንድ እርምጃ ይዞርና ማንሻዎቹን ያንቀሳቅሳል፣ ያቺን ለስለስ ያለች ቀጭ ጣትህ ላይ ስትሰማት በቃ ትገባሃለች። ባትሪ የለም፣ በእጅ ነው የሚሞላው።

ወርቁ ደግሞ ለስላሳ ስለሆነ ዕድሜውን ይናገራል። 18 ካራት ማለት 75% ወርቅ ነው፣ ቀላ ያለው መዳብ ስለበዛበት ነው። መጠናቸውም ብዙ ጊዜ ከ33 እስከ 38 ሚሊሜትር ስለሆነ እጅ ላይ አይከብድም። የስዊሱን ሰዓት ሰሪ የፓተክ ፊሊፕን 1518 የሚባል ሞዴል ፎቶ እይ፣ እ.ኤ.አ. በ1941 የወጣ፣ ክሮኖግራፍና ዘላለማዊ ካላንደር (የወሩን ርዝመት ራሱ የሚያውቅ ቀን ቆጣሪ) አንድ ላይ የያዘ፣ ዳያሉ (ፊቱ) ግን ምንም አልተጨናነቀም እኮ! እኔ ከዚህ በላይ ያማረ አላየሁም።

ልትገዛ ካሰብክ ግን ወርቁ አያታልልህ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተሰሩ ብዙ የስዊስ ክሮኖግራፎች ኬዛቸው (የውጭ ቀፏቸው) በጣም ስስ ወርቅ ነው፣ ፖሊሽ ሲደጋገምበት ደግሞ ጠርዙም የወርቁን ካራት የሚያሳየው ማህተምም ይጠፋል። ሰኮንድ ቆጣሪውን አስነሳና ወደ ዜሮ መልሰው፣ ቀስቱ ልክ 12 ላይ ካልቆመ ሰዓት ሰሪ ሳያየው እንዳትከፍል።