እቁብ ደረሰኝ፤ 55 ኢንች ልግዛ ወይስ 65?

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣

አምድዎን ዘወትር አነባለሁ። የዛሬው ጥያቄዬ ስለ ቴሌቪዥን ነው። ቀላል ነገር ቢመስልም ቤታችን ውስጥ ብዙ አከራክሮናል።

የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ነው። ሳሎናችን ጠበብ ያለ ነው፤ ከሶፋው እስከ ቴሌቪዥኑ ሁለት ሜትር ተኩል ቢሆን ነው። ያለችን 32 ኢንች ስክሪኗ ላይ መስመር ወጥቶባታል። አሁን እቁብ ደርሶኝ 70 ሺህ ብር ይዣለሁ። ባለቤቴ ግን 65 ኢንች ካልሆነ አይሆንም ይላል። የጎደለውን ከመሥሪያ ቤቱ ብድርና ቁጠባ እንውሰድ ባይ ነው። ቅዳሜና እሁድ ዲኤስቲቪ ቤት ሄዶ ኳስ የሚያይበት ገንዘብ እንደሚተርፍ ይነግረኛል። ይህ እውነት ነው። እኔን የሚያስፈራኝ የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ ደርሶ ሳለ ዕዳ ውስጥ መግባቱ ነው።

አማቴም አብረውን ይኖራሉ። ጥግ ላይ ያለው ወንበር የእሳቸው ነው፤ ከዚያ አይነሱም።

መርካቶ ወርጄ ጠየቅሁ። አንዱ 4ኬ ይላል፣ ሌላው ኪውኤልኢዲ ይላል፣ ሁሉም ኦሪጂናል ነው ይላሉ። ዱባይ ያለችው እህቴ ደግሞ ከዚህ ልላክልሽ ትላለች። ምን ይሻለኛል?

የሁለት ልጆች እናት፣ ከየካ አባዶ

እህቴ፣

ብድሩን ተዉት። ባለሽ ገንዘብ ደህና 55 ኢንች ግዢ።

ባለቤትሽ ተሳስቷል ማለቴ አይደለም። ለሁለት ሜትር ተኩል ርቀት 65 ኢንች ጥሩ መጠን ነው። ችግሩ በተጣበበ ገንዘብ የሚገኘው 65 ላይ ነው። ስክሪኑ ሲተልቅ ዋጋው እንዳይንር ከሌላ ቦታ ይቀነሳል። ብዙ ጊዜ የሚቀነሰው ከስክሪኑ ጀርባ ያለው መብራት፣ ፕሮሰሰሩና ሜሞሪው ነው። መጋረጃ ሲገለጥ ምስሉ ይደበዝዛል። ዩቲዩብ ለመክፈት ያንቀራፍፋል። በዚያው ዋጋ የሚገኝ 55 ግን ብዙውን ጊዜ ከዚህ የተሻለ ነው።

ኢንች የሚለካው ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ነው። 55ቱ ወርዱ 122 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን 65ቱ 145 ይጠጋል። ጋዜጣ ገጣጥማችሁ በሁለቱም ልክ ግድግዳው ላይ ለጥፉና ሶፋው ላይ ተቀምጣችሁ እዩት። ባለቤትሽም አብሮ ይይ። ግድግዳው ላይ የምትሰቅሉት ከሆነ በመጀመሪያ አንኳኩታችሁ አረጋግጡ። በአንዳንድ ኮንዶሚኒየሞች የውስጥ ግድግዳው አግሮስቶን ነው፤ ለዚህ ክብደት አላምነውም። ብሎኬት ወይም ኮንክሪት ላይ በትክክለኛው ፊሸር ይታሰር። ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጣችሁት ደግሞ ልጆች ስላሉ ከጀርባው ከግድግዳው ጋር እሰሩት።

የአማትሽን ወንበር ስላነሳሽልኝ ደስ ብሎኛል፤ ብዙ ሰው ይህን ይረሳዋል። የስክሪን ፓነል በዋናነት ሁለት ዓይነት ነው። ቪኤ የሚባለው ከፊት ለፊት ሲታይ ጥቁሩ በደንብ ጥቁር ነው፤ ከጎን ሲታይ ግን ቀለሙ ይነጣል። አይፒኤስ የሚባለው ከጎንም ቀለሙን ይይዛል። ሻጩ ባያውቀው ችግር የለም። ሱቅ ውስጥ እሳቸው በሚቀመጡበት አቅጣጫ ቆመሽ እዪው። የሰው ፊት አመድ ከመሰለ ተይው።

አሁን ወደ ምስሉ ጥራት ልምጣ። 4ኬ ማለት 3840 በ2160 ነጥብ ነው፤ ከፉል ኤችዲ አራት እጥፍ። 55 ኢንች ላይ ዛሬ የሚሸጠው ሁሉ ለማለት ይቻላል 4ኬ ነው፤ ስለዚህ ለስሙ ተጨማሪ አትክፈዪ። ኪውኤልኢዲም ቀለሙን የሚያሻሽል ነገር የተጨመረበት ኤልሲዲ ነው፤ ርካሹ ላይ ብዙ ለውጥ አታዪም። ደግሞም ከኢትዮሳት የምታዩዋቸው ጣቢያዎች የሚመጡት ቢበዛ በኤችዲ ነው። የዲኤስቲቪ ኳስም በተለምዶ እንደዚያው ነው።

እዚህ ላይ በጣም የሚያናድደኝን ነገር ልንገርሽ። ሰው ስንት ብር ከፍሎ ትልቅ ስክሪን ይገዛል፤ ከዚያ ሪሲቨሩን በድሮው ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ገመድ ያገናኘዋል። ያ ገመድ ከ576 መስመር በላይ ምስል አያሳልፍም። ቴሌቪዥኑ ያንን ወስዶ ወደ 2160 መስመር ይለጥጠዋል። ተጫዋቹ ይደበዝዛል፣ ኳሷም ጭራ ታወጣለች። ከዚያ ቴሌቪዥኑ ኮፒ ነው ተብሎ ይረገማል። በኤችዲኤምአይ ገመድ አገናኙት፣ ሪሲቨሩም ኤችዲ መሆኑን እዩ። የሚገዛው ቴሌቪዥን ኤስ2 የሚባል የሳተላይት መቀበያ በውስጡ ካለው የዲሹን ገመድ በቀጥታ ሰክታችሁ ክፍያ የሌላቸውን ጣቢያዎች ያለ ሪሲቨር ታያላችሁ።

ሱቅ ስትሄጂ ካርቶኑ ላይ ያለውን የሞዴል ቁጥር ጀርባው ላይ ካለውና ሴቲንግ ውስጥ ከሚታየው ጋር አስተያዪ። ሦስቱም መግጠም አለባቸው። ከዚያ በስልክሽ የአምራቹ ድረ ገጽ ላይ ፈልጊው። የታወቀ ብራንድ ስም ተለጥፎበት ሞዴሉ የትም ካልተገኘ ጥለሽው ውጪ። በፍላሽ ሙሉ ነጭና ሙሉ ጥቁር ፎቶ ይዘሽ ሂጂ። ነጩ ላይ ጥቁር ነጥብና ጥላ፣ ጥቁሩ ላይ ደግሞ ከጠርዝ የሚያፈስ ብርሃን ፈልጊ። ሱቅ ውስጥ ቀለሙ የሚያብረቀርቀው ለማሳያ ስለተደረገ ነው፤ ስታንዳርድ ላይ አድርገው እንዲያሳዩሽ ጠይቂ። ደረሰኝና የጽሑፍ ዋስትና ሳትይዢ አትውጪ።

ስማርቱን በተመለከተ ጉግል ቲቪ ወይም የአምራቹ የራሱ ሲስተም ያለው ይሁን። እንዲሁ አንድሮይድ ነው የሚባለው አንዳንዱ የስልክ ሲስተም የተጫነበት ነው፤ አፕዴት ስለማያገኝ ቆይቶ ዩቲዩብ እምቢ ይላል። በስልክ ሆትስፖት የምታዩ ከሆነ ኤችዲ በሰዓት እስከ 3 ጊጋባይት፣ 4ኬ ደግሞ 7 ገደማ ሊበላ እንደሚችል እወቂ።

ከ70 ሺሁ ላይ ለደህና ስታቢላይዘር አስቀሪ። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ብዙ ቴሌቪዥን ይቃጠላል። መብራት ሲጠፋ ከሶኬቱ መንቀልን ልጆቹንም አስለምዱ።

የእህትሽ ሐሳብ የደግነት ነው፤ ግን ከዱባይ ባይመጣ እመርጣለሁ። ስክሪን መንገድ ላይ ከተሰነጠቀ ማስቀየሪያው ከአዲስ ቴሌቪዥን ብዙም አያንስም። ቀረጥም አለ። ቢበላሽ ዋስትናውን የሚቀበልሽ እዚህ ላይኖር ይችላል። ልትረዳሽ ከፈለገች ብሩን በባንክ ትላክልሽ። ያኔ ያለ ብድር ደህና 65 መግዛት ከቻላችሁ፣ እኔም ከባለቤትሽ ጎን እቆማለሁ።