ድድዎ ደማ ብለው ብሩሹን አይተዉት

ጥያቄ፦ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ጥርሴን ስቦርሽ ድዴ ስለሚደማ መቦረሹን ትቼ በውሃ ብቻ እጉመጠመጣለሁ። ከታች ያለው መንጋጋዬ ተቦርቡሮ ማታ ማታ ይጠዘጥዘኛል። አማቴ «በየልጁ አንድ ጥርስ መሄዱ አይቀርም፤ አሁን ከተነቀለ ጽንሱ ይጎዳል፤ እስክትወልጂ ቅርንፉድ ያዢበት» ይሉኛል። ምን ላድርግ?
ከደሴ፣ ሆጤ

መልስ፦ ድድዎን ያደማው ብሩሹ አይደለም። በእርግዝና የሚጨምሩት ሆርሞኖች ድድን ስለሚያስቆጡት፣ በፊት ምንም የማያደርገው በጥርስና በድድ መጋጠሚያ ላይ ያለ ለስላሳ ቆሻሻ አሁን ያሳብጠዋል። ነገሩ ከሁለተኛው ወር ገደማ ጀምሮ እስከ ስምንተኛው እየበረታ ይሄዳል። መቦረሽ ሲተዉ ቆሻሻው ይከማቻል፣ መድማቱም ይብሳል።

ስለዚህ ዛሬውኑ ይመለሱበት። ለስላሳ ብሩሽ ይያዙ፤ ፍሎራይድ ያለበት የጥርስ ሳሙና የአተር ፍሬ ያህል ይበቃል። የብሩሹን ፀጉር ወደ ድዱ ጋደል አድርገው፣ ሳይጫኑ፣ በአጫጭር እንቅስቃሴ ጠዋትና ከመኝታ በፊት ሁለት ሁለት ደቂቃ ይቦርሹ። አረፋውን ይትፉት እንጂ በውሃ አይጉመጥመጡ፤ ፍሎራይዱ ታጥቦ ይሄዳል። መፋቂያ ከለመዱ አይከለከልም፤ ጫፉን አኝከው ያለስልሱትና በጥርሱ ቁመት ይፋቁ፤ ወደ ጎን መፈግፈግ ድድን ያሸሻል። የኋላ መንጋጋን የውስጥ ጎን ግን በደንብ ስለማይደርስ ብሩሹን አይተካም። በአንድ ሁለት ሳምንት ካልቀነሰ ቆሻሻው ደርቆ ድንጋይ ሆኖ ሊሆን ይችላል፤ እሱን የሚያነሳው የጥርስ ባለሙያ ነው።

አማትዎ ያዩት ነገር ሐሰት አይደለም፤ ብዙ እናቶች ጥርስ ያጣሉ። ምክንያቱ ግን ጽንሱ ካልሲየም ከጥርስ ስለሚወስድ አይደለም፤ አይወስድም። ጥርሱን የሚያሳጣው «እስክወልድ» እየተባለ ሳይታከም መቆየቱ ነው። ከአራተኛ እስከ ስድስተኛ ወር ለጥርስ ሕክምና እጅግ የሚመች ጊዜ ስለሆነ እርስዎ አሁን መሄድ አለብዎት። መሙላትም ሆነ መንቀል ይቻላል፤ የሚወጉት ሊዶኬይን ማደንዘዣ ችግር የለውም፤ ራጅም ካስፈለገ በእርሳስ መከላከያ ተሸፍነው ይነሳሉ። እንደገቡ የስንት ወር እርጉዝ እንደሆኑ ይናገሩ። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይወሰዳል፤ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን በራስዎ ገዝተው አይዋጡ። ቴትራሳይክሊንና ዶክሲሳይክሊን የሕፃኑን ጥርስ ያበልዛሉና ይቅሩ። ቅርንፉድ ሕመሙን ለጊዜው ያደነዝዛል እንጂ ቡርቡሩን አይደፍነውም፤ ሲቆይም ድድ ያቃጥላል። ፊትዎ ካበጠ፣ ካተኮሰዎት ወይም አፍዎን መክፈት ካቃተዎት በዚያው ዕለት ሆስፒታል ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ሦስተኛ ወሯ ነው። በየጠዋቱ ያስመልሳታል፤ ወዲያው ጥርሷን ትቦርሻለች። ልክ ናት? ረመዷን ከደረሰስ?
ከኮምቦልቻ

መልስ፦ ወዲያው አትቦርሽ። ከሆድ የወጣው አሲድ የጥርሱን ሽፋን ስለሚያለሰልሰው ብሩሹ ይፍቀዋል። አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በአንድ ኩባያ ውሃ በጥብጣ ትጉመጥመጥና ትትፋው፤ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ቆይታ ትቦርሽ። ቤኪንግ ፓውደር በራሱ አሲድ አለበትና አይሆንም። ብሩሹ ራሱ የሚያቅለሸልሻት ከሆነ ጭንቅላቱ ትንሽ የሆነውን የልጆች ብሩሽ ትሞክር።

መጾም አለመጾሟን ከእርግዝና ክትትል ባለሙያዋ ጋር ትወስን። ከጾመች ማታ በልታ ከጨረሰች በኋላና ከሱሁር በኋላ ጎህ ሳይቀድ ትቦርሽ፤ ተምርና ጣፋጩን ሌሊቱን ሙሉ ከመቆርጠም ከራት ጋር አንድ ላይ ብትጨርሰው ይሻላል። ውሃ እንኳ የማይረጋላት ከሆነ ግን ጉዳዩ ከጥርስ ያለፈ ነውና ጤና ጣቢያ ይውሰዷት።