ምድር ቤት ያለው የናፍጣ ታንከር እርጥበት አወጣ

ጥያቄ፦ ማሳቹሴትስ፣ ዎርስተር ውስጥ አሮጌ ቤት ገዛን። ምድር ቤት ያለው የማሞቂያ ናፍጣ ታንከር ከሥሩ እርጥብ ይላል። ባለቤቴ «ቀለም እንቀባውና ይበቃዋል» ይላል። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ ቀለሙ ይቆይ። መጀመሪያ እርጥበቱን በነጭ ሶፍት ጥረጊው። የማሞቂያ ናፍጣ ቀይ ቀለም ይገባበታል። ሶፍቱ ቀላ ብሎ ቅባት ቅባት ካለና ናፍጣ ከሸተተ እያፈሰሰ ነው፤ ዛሬውኑ ባለሙያ ጥሪ። ንጹህ ውሃ ከሆነ ግን ቀዝቃዛው ብረት አልቦት ሊሆን ይችላል።

ማሞቂያ ስጠግን ብዙ ታንከር አይቻለሁ። ብረቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላው ከውስጥ ነው። ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ሥር ይተኛል፣ ዝገቱም ከዚያ ይጀምራል። የውጪ ቀለም ለዚህ ምንም አይፈይድም። እግሮቹንም በደንብ እዪ። የተለመደው ታንከር 275 ጋሎን፣ ማለትም ከ1,000 ሊትር በላይ ይይዛል፤ ያ ሁሉ ክብደት የዛገ እግር ላይ መቆም የለበትም።

ከሁሉ የምፈራው ወደ ማሞቂያው የምትሄደውን ቀጭን የመዳብ ቱቦ ነው። ያለ ሽፋን ሲሚንቶ ውስጥ ከተቀበረች ማንም ሳያያት ትበሳለች። የማሳቹሴትስ ሕግ አሮጌ ቤቶች እስከ 2011 ድረስ ለቱቦዋ መከላከያ ሽፋን ወይም የደህንነት ቫልቭ (ቱቦዋ ብትበሳ ናፍጣውን የሚዘጋ) እንዲያስገቡ አዞ ነበር። የእናንተ ቤት መግባቱን አረጋግጡ።

ኢንሹራንሳችሁንም ጠይቁ፤ የተለመደው ውል የናፍጣ ፍሳሽን ብዙ ጊዜ አይሸፍንም።

ናፍጣ ሲቀዳበት ታንከሩ ያፏጫል፣ ሞልቶ ሲያበቃ ፉጨቱ ይቆማል። ናፍጣ የሚያመጡት ሰዎች መቅዳት ገና ሲጀምሩ ፉጨት ካልተሰማ ወዲያው አስቁሚያቸው።